ስቴት ቀይሬያለሁ፤ የቀድሞ አከራዬ ግን ከሰሱኝ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ሕግ ነክ ጉዳዮች

ጥያቄ፦

ለተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፤

ለአራት ዓመት የኖርኩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከአንድ በዕድሜ ጠና ካሉ የአገራችን ሰው በተከራየሁት ኮንዶ ነበር። ኪራዩ በወር 1,750 ዶላር ሲሆን፣ ስገባ 1,500 ዶላር ዲፖዚት አስይዣለሁ። ውላችን በየዓመቱ የሚታደስ ሆኖ የመጨረሻው የሚያበቃው ጁን 30 ነበር። በማርች ወር መሥሪያ ቤቴ እዚያ ያለውን ቢሮ እንደሚዘጋና ወይ ዳላስ ወዳለው ቅርንጫፍ እንድዛወር፣ ወይም ከሥራ እንድሰናበት በደብዳቤ አሳወቀኝ። እኔም ማርች 28 ቀን ደብዳቤውን አያይዤ፣ ኤፕሪል 30 እንደምለቅ ገልጬና አዲሱን አድራሻዬን ጨምሬ ለአከራዬ ኢሜይል ላክሁላቸው። ቁልፉን ሳስረክባቸው በሩ ላይ ቆመው መርቀውኝ ነው የተለያየነው።

ሴፕቴምበር 8 ቀን አንድ ሰው ጋርላንድ ወዳለው ቤታችን መጥቶ ለ19 ዓመቱ ልጄ ፖስታ ሰጥቶት ሄደ። ስንከፍተው የክስ መጥሪያ ነው። የሜይና የጁን ኪራይ 3,500፣ የካርፔት መቀየሪያ 980፣ የቀለምና የጽዳት 370፣ በጠቅላላው 4,850 ዶላር እንድከፍል ተጠይቄአለሁ፤ ስለ ዲፖዚቱ ግን አንድም ቃል የለበትም። የችሎቱ ቀን ኖቬምበር 24 ነው። ወረቀቱ ላይ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጥ የሚል ስላየሁ፣ እኔ ደግሞ ደንግጬ ስለቆየሁ፣ ጊዜው አልፏል ብዬ ተውኩት። ይኸው አምስት ሳምንት ሙሉ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተለጥፎ ይኖራል። የቀድሞ ጎረቤቴ ቤቱ ሜይ 20 ቀን አዲስ ተከራይ እንደገባበት ነግራኛለች።

ከዘመዶቼ አንዱ “ለልጅ የተሰጠ መጥሪያ አይቆጠርም” ይለኛል። ሌላው “ቴክሳስ ደመወዝ ስለማይነካ ዝም በያቸው” ይላል። እናቴ ደግሞ ሽማግሌ ላኪ ትለኛለች። የማንን ልስማ?

ስሜ ይቆየኝ፣ ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ
ኦክቶበር 13 የተጻፈ

መልስ፦

እህታችን፤ ጊዜው አላለፈም። ያነበቡት 15 ቀን ሜሪላንድ ውስጥ ሳሉ መጥሪያ ለደረሳቸው ተከሳሾች የተወሰነ ነው። ከስቴቱ ውጭ መጥሪያ የደረሰው ሰው የመከላከያ ማስታወቂያውን፣ ማለትም ክሱን እንደሚከራከር ለፍርድ ቤቱ የሚያሳውቅበትን ቅጽ፣ ለማስገባት 60 ቀን አለው። ቆጠራው መጥሪያው ከተሰጠበት ቀን ማግስት ስለሚጀምር፣ ከሴፕቴምበር 8 ተነሥተን ስንቆጥር ኖቬምበር 7 ላይ እንደርሳለን፤ ደብዳቤዎን ከጻፉበት ዕለት ጀምሮ 25 ቀን ነበረዎት ማለት ነው። ወረቀቱ እስከዚያ ቀን ድረስ የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት እጅ መግባት አለበት። በመጨረሻው ዕለት ፖስታ ቤት ማድረስ ስለማይበቃ፣ ይህን መልስ አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ ያውርዱት።

ከመጥሪያው ጋር “ኖቲስ ኦፍ ኢንቴንሽን ቱ ዲፌንድ” የሚል ቅጽ ተያይዞ ያገኙታል። የመዝገቡን ቁጥር፣ ስምዎንና የቴክሳስ አድራሻዎን ይሙሉበት፤ ለማብራሪያ በተተወው ቦታ ላይ ደግሞ የተጠየቀውን ገንዘብ እንደማይቀበሉ፣ በሥራ ዝውውር ምክንያት ማስጠንቀቂያ ሰጥተው እንደለቀቁ፣ ቤቱ ከሜይ 20 ጀምሮ ለሌላ ሰው እንደተከራየና ዲፖዚትዎ እንዳልታሰበልዎት በአራት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። የአራት ዓመቱን ታሪክ ለችሎት ያቆዩት። ቅጂ አስቀርተው፣ መድረሱን መከታተል በሚቻልበት ፖስታ ይላኩት። ማስታወቂያ ማስገባት በችሎቱ ቀን መቅረትን አያካክስም፤ ቀጠሮው እንዳለ ነው።

አሁን ወደ ምክሮቹ እንመለስ። ለልጅዎ የተሰጠው መጥሪያ ይቆጠራል። የሜሪላንድ ሥርዓት መጥሪያው ለተከሳሹ ራሱ፣ ወይም በመኖሪያ ቤቱ አብሮት ለሚኖር፣ ዕድሜውና ማስተዋሉ ለደረሰ ሰው እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ የ19 ዓመት ልጅ ደግሞ በማንም ዳኛ ፊት ሕፃን ነው አይባልም። ስቴት ለቅቄ ስለወጣሁ የሜሪላንድ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም የሚለው ክርክርም አያዋጣም፤ ክርክሩ ሜሪላንድ ውስጥ ስላለ ቤት ኪራይ እስከሆነ ድረስ ፍርድ ቤቱ ነዋሪነታቸው ሌላ ስቴት በሆነ ተከሳሾች ላይም ሥልጣን አለው።

ስለ ቴክሳስ የተነገረዎት ግማሹ እውነት ነው፤ እንዲህ ያለውን ምክር አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የቴክሳስ ሕገ መንግሥት ለተራ ዕዳ ሲባል ደመወዝ ከአሠሪው እጅ እንዳይያዝ ይከለክላል፤ የልጅ ቀለብና የመሳሰለው በልዩ ሁኔታ ይታያል። ይኸው ደመወዝ ባንክ ከገባ በኋላ ግን ሒሳቡ ሊታገድ ይችላል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ አንቀጽ አንዱ ስቴት የሌላውን ስቴት ፍርድ እንዲያከብር ስለሚያስገድድ፣ አከራዩ የሜሪላንዱን ፍርድ ዳላስ ካውንቲ ውስጥ አስመዝግበው ለማስፈጸም ሁለተኛ ክርክር አያስፈልጋቸውም። ፍርዱ በሜሪላንድ 12 ዓመት ይጸናል፤ ወለድም ይታሰብበታል። የፍትሐ ብሔር ፍርዶች ከ2017 ወዲህ በሦስቱ ትልልቅ የክሬዲት ድርጅቶች ሪፖርት ላይ አይወጡም ቢባልም፣ ዕዳው ለሰብሳቢ ከተላለፈ ሪፖርቱ ላይ ሊገባ ይችላል። የሚቀጥለው አከራይዎ የሚያስመረምረው የተከራይ ታሪክ ላይ ደግሞ የክስ መዝገቡ ራሱ ሊታይ ይችላል።

የእናትዎን ምክር አንንቅም። አከራዩ የአገር ሰው፣ ያውም መርቀው የሸኙዎት ከሆኑ፣ ሁለት ከበሬታ ያላቸው ሰዎች ነገሩን ሊያበርዱት ይችሉ ይሆናል። ነገር ግን ሽማግሌዎች ቀጠሮ ሲያራዝሙ፣ አንዱ ሲጓዝ፣ ሌላው በዓል ሲደርስበት ኖቬምበር 7 ያልፋል፤ ያን ጊዜ ፍርድ ቤቱ ለሽማግሌው ብሎ ቀን አይጨምርም። ስለዚህ ማስታወቂያውን አስቀድመው ያስገቡና ከዚያ ሽማግሌውን ይላኩ። ስምምነት ላይ ከደረሳችሁም በቃል እንዳያበቃ፤ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሚከፈልበት ቀንና ክሱ የሚቋረጥ መሆኑ በጽሑፍ ሰፍሮ በሁለታችሁም ይፈረም፤ ክሱ በእርግጥ መቋረጡንም ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ በዐይንዎ ይዩ። “ክሱን ትቼዋለሁ” ተብሎ በስልክ የተነገረው፣ ችሎት ሳይቀርብም የተፈረደበት ሰው ይህንን ማስጠንቀቂያ በደንብ ይረዳዋል። ፍርድ ቤቱ ራሱም ያለ ክፍያ የሚሰጥ የሽምግልና አገልግሎት ስላለው፣ ለዚያ ፈቃደኛ መሆንዎን ለጽሕፈት ቤቱ መግለጽ ይችላሉ።

ወደ ክሱ ፍሬ ነገር ስንገባ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ሰነድ መሥሪያ ቤትዎ የጻፈልዎት የዝውውር ደብዳቤ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው በሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ሲሆን፣ የካውንቲው የአከራይና ተከራይ ሕግ፣ ማለትም የካውንቲው ኮድ ምዕራፍ 29፣ ለተከራይ ከአብዛኞቹ የሜሪላንድ አካባቢዎች የበለጠ ጥበቃ ይሰጣል። በዚህ ሕግ መሠረት፣ ተከራዩ ከቁጥጥሩ ውጭ በሆነ በቂ ምክንያት፣ ለምሳሌ ሳይፈልግ ሥራው ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወርበት፣ የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ሊያቋርጥ እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ በኪራይ ውሉ ውስጥ መኖር አለበት። በዚህ መንገድ ለለቀቀ ተከራይ የሚጠየቀው ክፍያ ከአንድ ወር ኪራይ ወይም አከራዩ በእርግጥ ከደረሰበት ጉዳት ዝቅተኛው ነው። እርስዎ ማርች 28 አስጠንቅቀው ኤፕሪል 30 ለቅቀዋል፤ 33 ቀን ማለት ነው። ውልዎን አውጥተው አንቀጹን ይፈልጉት። አከራዩ ከኢንተርኔት ባወረዱት ቅጽ ተጠቅመው አንቀጹ ባይገኝበትም፣ ሕጉ እንዲኖር የሚያስገድደው መሆኑን ለዳኛው ያስረዱ።

በዚህ ላይ የሜሪላንድ የስቴት ሕግ ተከራዩ ጊዜው ሳይደርስ በለቀቀ ጊዜ አከራዩ ጉዳቱን የመቀነስ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ በውል ውስጥ በሚጻፍ አንቀጽም ይህን ግዴታ ማስቀረት አይቻልም። በአጭሩ፣ ቤቱን ባዶ አስቀምጦ እስከ ውሉ ማብቂያ ኪራይ መቁጠር አይቻልም። ጎረቤትዎ ያየችው ትክክል ከሆነ፣ ቤቱ ባዶ የቆየው ከሜይ 1 እስከ ሜይ 19 ለ19 ቀን ብቻ ነው። የሜይን ኪራይ ለ31 ቀን አካፍለን ስናሰላው ወደ 1,070 ዶላር ይመጣል፤ አከራዩ ከጠየቁት 3,500 ጋር ያስተያዩት። አዲሱ ተከራይ ያነሰ ኪራይ የሚከፍል ከሆነ ወይም አከራዩ ለማስታወቂያ ገንዘብ አውጥተው ከሆነ ልዩነቱን ማስቆጠር ይችሉ ይሆናል። ለዚያው ጊዜ ከሁለት ሰው ኪራይ መሰብሰብ ግን አይችሉም። ጎረቤትዎ “ሰምቻለሁ” ከምትል “አይቻለሁ” ብላ ብትመሰክር ይሻላል፤ ፎቶ ካላት ደግሞ ይበልጥ።

ካርፔቱን በተመለከተ፣ በአግባቡ ሲኖሩበት የመጣ መለበስ የተከራይ ዕዳ አይደለም። አራት ዓመት የተረገጠ፣ እርስዎ ሲገቡም አዲስ ያልነበረ ካርፔት ሲቀየር የአዲሱን ሙሉ ዋጋ ማስከፈል የማያስኬድ ነው። ስትገቡ ያነሣችሁት ፎቶ፣ ስልክዎ ውስጥ የልደት ፎቶም ቢሆን ወለሉ የሚታይበት፣ ይፈልጉ። ለቀለሙም ያው ነው። ጽዳቱ ላይ እውነት ካለ ይመኑ፤ ሁሉን የሚክድ ተከሳሽ በትክክሉም ነገር አይታመንም።

ዲፖዚቱ ላይ ጠንቀቅ ያለ ነገር አለ። በሜሪላንድ ሕግ አከራይ ከዲፖዚት ላይ የሚቀንሰው ካለ፣ ኪራዩ ባበቃ በ45 ቀን ውስጥ የጉዳቱን ዝርዝርና ያወጣውን ወጪ በመደበኛ ፖስታ በመጨረሻ ወደሚያውቀው የተከራዩ አድራሻ መላክ አለበት፤ ካልላከ የመቀነስ መብቱን ያጣል። በቂ ምክንያት ሳይኖረው የያዘ አከራይ እስከ ሦስት እጥፍ ሊፈረድበት ይችላል። በእርስዎ ጉዳይ 45ኛው ቀን ጁን 14 ነበር፤ ሦስት እጥፉም 4,500 ዶላር ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ ጥበቃ ውሉ ሳያልቅ ቤቱን ጥሎ ለሄደ ተከራይ በዚሁ መልክ አይሠራም። እንዲህ ያለው ተከራይ ራሱ በ45 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ጠቅሶ በመደበኛ ፖስታ ዲፖዚቱን መጠየቅ ይኖርበታል፤ እርስዎ ደግሞ የላኩት ኢሜይል ነው። አከራዩ “ጥላኝ ሄዳለች” ብለው እንደሚከራከሩ ይጠብቁ። እንግዲህ የዝውውሩ ደብዳቤ ወሳኝ የሚሆነው እዚህም ላይ ነው፤ ውሉን ያቋረጡት በሕጉ መሠረት ከሆነ ኪራዩ ኤፕሪል 30 በአግባቡ አብቅቷልና ጥለው የሄዱ አይባሉም። የዲፖዚት ጥያቄዎን በተከሳሽ ከሳሽነት፣ ማለትም በዚያው መዝገብ አከራዩን መልሰው በመክሰስ፣ ከማስታወቂያው ጋር አብረው ቢያቀርቡ ይመረጣል።

ያልጠየቁን አንድ ነገር አለ፤ አከራዩ የኪራይ ፈቃድ ነበራቸው? ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ አንድ ኮንዶ የሚያከራይም ቢሆን ከካውንቲው ፈቃድ ማውጣት አለበት። የሜሪላንድ የበላይ ፍርድ ቤት በ2022 በሰጠው ውሳኔ፣ ፈቃድ በሚጠየቅበት አካባቢ አከራይ ያለ ፈቃድ በቆየበት ጊዜ ላልተከፈለ ኪራይ በፍርድ ቤት ሊጠይቅ እንደማይችል ተወስኗል። ፈቃዱ መኖሩን ከካውንቲው የቤቶች ጽሕፈት ቤት ማጣራት ይቻላልና ከችሎቱ በፊት ያጣሩ። የአገር ሰው ስለሆኑ ይሉኝታ እንደሚይዝዎት እንገምታለን፤ ክሱን የጀመሩት ግን እሳቸው ናቸው።

ክሱ ከ5,000 ዶላር ስለማይበልጥ የሚታየው “ስሞል ክሌምስ” በሚባለው ቀለል ያለ ሥርዓት ነው። ጠበቃ የግድ አይደለም፤ የማስረጃ ሥርዓቱም ላላ ያለ ነው፤ ስለዚህ ኢሜይሎቹን፣ ፎቶዎቹንና የዝውውሩን ደብዳቤ በቀን ቅደም ተከተል በወረቀት አትመው በሦስት ቅጂ ያዘጋጁ፤ ለዳኛው፣ ለከሳሹና ለራስዎ። ከዳላስ መምጣት የሚከብድዎት ከሆነ በቪዲዮ እንዲቀርቡ እንዲፈቀድልዎ ቀደም ብለው በጽሑፍ ያመልክቱ። ፈቃዱን የሚሰጠው ፍርድ ቤቱ ስለሆነ፣ መልስ እስኪያገኙ ድረስ እንደሚጓዙ ሆነው ይዘጋጁ። የአማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጉ ፍርድ ቤቱ ያለ ክፍያ ያቀርባልና በጊዜ ይጠይቁ፤ ልጅዎ ያስተርጉምልኝ አይበሉ፤ እሱ መጥሪያውን የተቀበለ ሰው ነው። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች የእርዳታ ማዕከል ለራሳቸው ለሚከራከሩ ሰዎች ከጠበቆች ጋር በስልክ በነጻ ያነጋግራል። እኛ የጻፍነው አጠቃላይ ማብራሪያ ስለሆነ፣ ውልዎን ፊት ለፊታቸው አድርገው አንድ ጊዜ ያማክሯቸው።

ጥያቄ፦

እኔም ከሜሪላንድ ወደ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ዕዳ ሰብሳቢ በደረሰኝ ደብዳቤ፣ የቀድሞ አከራዬ ከሰውኝ በሌለሁበት እንደተፈረደብኝ ሰማሁ። መጥሪያ ግን በእጄ ገብቶ አያውቅም። ነገሩ ተቆርጦለታል?

አንባቢ፣ ከኦሮራ

መልስ፦

የግድ አይደለም። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች መዝገብ በኢንተርኔት በነጻ ይታያልና መጀመሪያ በስምዎ ፈልገው የመዝገቡን ቁጥርና ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን ይያዙ። ከዚያ መጥሪያው ለማን፣ የት፣ መቼ እንደተሰጠ የሚገልጸውን ቅጂ ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ፍርዱ ከተሰጠ 30 ቀን ካልሞላው ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን እንደገና ለማየት ሰፊ ሥልጣን አለው። 30 ቀን ካለፈ በኋላ ግን ማጭበርበር፣ ስሕተት ወይም የሥርዓት ጉድለት መኖሩን ማሳየት ያስፈልጋል፤ እነዚህም ቃላት በሜሪላንድ በጠባቡ ነው የሚተረጎሙት። “አላወቅሁም ነበር” ማለት ብቻውን አይበቃም፤ መጥሪያው በሕጉ መሠረት ካልደረሰዎት ግን ፍርድ ቤቱ በእርስዎ ላይ ሥልጣን አልነበረውምና ይህ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ለዕዳ ሰብሳቢው ደግሞ የመጀመሪያው ማሳሰቢያው በደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ ዕዳውን እንደማይቀበሉና ማረጋገጫ እንዲልክልዎት በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ይህ በፌዴራል ሕግ የተሰጠዎት መብት ነው። ገና ነገሩን ሳያጣሩ ግን “ሃምሳ ዶላርም ብትሆን” እየተባሉ በስልክ ክፍያ አይጀምሩ። ፍርዱ እንዲነሣ በሚያቀርቡት ማመልከቻ ላይ፣ መጥሪያው ተሰጠ በተባለበት ቀን የሚኖሩት ኮሎራዶ እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ ያያይዙ፤ የኦሮራውን የኪራይ ውል፣ የመብራት ቢል፣ መንጃ ፈቃድ ያወጡበትን ቀን። መጥሪያው በሪኮማንዴ ተልኮ ከሆነ ደግሞ በተመለሰው ካርድ ላይ ያለውን ፊርማ ከእርስዎ ፊርማ ጋር አስተያይተው የማን እንደሆነ ይጻፉ።